ምድጃውን ገልብጠው ሲያዩት

የከሰል ምድጃ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ፊቱን ነው። ቀለሙን ያያል፣ እጀታውን ይነቀንቃል፣ ሦስቱ የድስት ማስቀመጫዎች እኩል መቆማቸውን በመዳፉ ይሞክራል፣ ከዚያ ወደ ዋጋው ይሄዳል። ሠሪው የደከመበት ቦታ ግን እዚያ አይደለም። ምድጃውን ገልበጥ አድርጋችሁ ከወገቡ በታች ጎኑን በጣታችሁ ብትዳብሱት፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማይሰፋ አንድ ጉብታ ታገኛላችሁ። ስፌቱ እሱ ነው። ላሜራው ዞሮ ራሱን የያዘበት፣ ያለ ብየዳ፣ ያለ ብሎን፣ በእጥፋት ብቻ የቆመበት ቦታ።

አሠራሩ ቁጭ ብሎ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። የላሜራው ሁለት ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይታጠፋሉ፤ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ። ሠራተኛው ላሜራውን ጠቅልሎ አንዱን እጥፋት ከሌላው ጋር ያገናኘዋል፤ የሁለት እጅ ጣቶች እንደሚቆላለፉ ይቆላለፋሉ። ከዚያ በመዶሻ ይደፈጥጣቸዋል። ጀማሪ እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ያስቀምጠዋል። የተካነው ግን አንድ ሥራ ይቀረዋል። የጉብታውን ጠርዝ ተከትሎ፣ ቀለል ባሉ ምቶች፣ አጠገቡ ያለውን ላሜራ ዝቅ ያደርገዋል። በዚህ የምትፈጠረው ትንሽ እርከን የተቆላለፈው እጥፋት ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ትይዘዋለች። እርከን የሌለው ምድጃ ለጥቂት ወራት ደህና ይሠራል። አንድ ቀን ፍም ሞልቶት በእጀታው ሲያነሱት ጎኑ ይከፈታል፤ ፍሙም እግር ላይ ነው።

ጥሩ ስፌት በዓይን ከሚታወቀው በጣት የሚታወቀው ይበልጣል። አይቧጥጥም። ወርዱ ከላይም ከታችም እኩል ነው። የመዶሻው ምቶች እርስ በርስ ተደራርበው ስላረፉ ይህኛው ምት እዚህ ወደቀ የሚያሰኝ ነጠላ ጠባሳ የለበትም። ሰነፍ እጅ የሠራው ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል፤ ሠሪው መሀል ላይ ስለቸኮለ ወይም የመጀመሪያውን እጥፋት በዓይኑ ግምት ስለጀመረው ነው። እዚህ ላይ ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በሁለት ሚሊ ሜትር የሚጨነቅ ሰው ደግሞ ሌላውንም ነገር ሳይለካ አይተወውም።

ሳልዳቱራ ቤት ወስዶ ማስበየድ አይሻልም ወይ የሚል አይጠፋም። አይሻልም። የበርሜል ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አሮጌ የጣሪያ ቆርቆሮ ደግሞ ከግማሽ ሚሊም ይሳሳል። የኤሌክትሪክ ብየዳ እንዲህ ያለ ስስ ነገር ላይ ሲያርፍ ከማያያዝ ይልቅ መብሳት ይቀናዋል። በዚያ ላይ ምድጃ በየቀኑ የሚግልና የሚበርድ ዕቃ ነው። ብረቱ ሲሰፋና ሲኮማተር ብየዳው ግትር ስለሚል አጠገቡ ያለው ስስ ላሜራ ይሰነጠቃል፤ እጥፋቱ ግን ትንሽ ይላወሳል። ከሁሉም በላይ እጥፋት መብራት አይጠይቅም። መብራት ሲጠፋ ብየዳ ቤቱ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ ምድጃ ሠሪው መጥፋቱንም አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለማየት የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ጥሩ ቦታ ነው። ከከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የዛፍ ጥላ ተነስታችሁ የደቻቱን ወንዝ ስትሻገሩ መጋላ ናችሁ፤ ቅስት በሮች ያሉት ይህ ትልቅ ገበያ እዚያ ነው። አትክልቱ፣ ቅመሙ፣ ከሰሉ፣ እንጨቱ፣ ፍየሉ ሁሉም በየተራው አለ። ከገጠር ቀበሌዎች የሚገባው የኦሮሞ ገበሬ፣ የሶማሌ አርብቶ አደር፣ አልፎ አልፎ የሚታየው የአፋር ሰው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው ነጋዴ እዚህ ይገናኛሉ። ሁሉም ምድጃ ይፈልጋል፤ የሚፈልጉት ምድጃ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የቡና ምድጃ ዝቅና ጠበብ ይላል። ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ ማንቆርቆሪያ የሚሸከም ሰፊና ወፍራም ይሻል። ዕጣን ማጨሻው ደግሞ ምድጃ ከመባል ጌጥ መባል ይቀርበዋል፤ ፍም የሚይዘው ጥቂት ነው፣ ጎኑ ላይ ግን የተበሳው ቀዳዳ ሁሉ በሥርዓት መደርደር አለበት። እንግዳ ፊት የሚቀርብ ዕቃ ነውና።

የብረት ሥራ በዚህ አገር ክብር ሳይኖረው የኖረ ሥራ መሆኑን ማንም ያውቃል። ሶማሌው ቱማል፣ ኦሮሞው ቱምቱ፣ አማራው ቀጥቃጭና ጠይብ እያለ ሲጠራው ስሙ ውስጥ ንቀት ነበረበት። አፄ ምኒልክ ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ምን ያህል እንደቀነሰ መናገር ያስቸግራል፤ ንቀቱ ግን ዛሬ መልኩን ለውጦ የዋጋ ክርክር ውስጥ ገብቷል። ወደዚያ እንመለሳለን።

ሠራተኛው የሚቀጠቅጥበትን ነገር ልብ በሉት። ጥሩ ቦታ የያዙት ከሥራቸው የሐዲድ ቁራጭ አለ። ድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ሐረርን የከበቡትን ተራሮች መውጣት ከብዶት ከሥራቸው ባለው ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ቦታው አዲስ ሐረር ተብሎ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በነዚህ ዓመታትና ከዚያም በኋላ የከተማዋ የባቡር ወርክሾፕ ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራም የሙያም ምንጭ ነበር፤ ከውጭ ለማምጣት ወራት የሚወስድ መለዋወጫ እዚያው በቶርኖ ይወጣ ነበር። ሚሊ ሜትር የሚባል ነገር በዚህች ከተማ ወሬ ሆኖ አያውቅም።

ሐዲዱ እንደ መቀጥቀጫ የሚወደደው ግን ለታሪኩ ተብሎ አይደለም። አንዱ ቁራጭ የብዙ መሣሪያ ሥራ ይሠራል። ሰፊው አናቱ ላሜራ ለማቅናት ነው። የአናቱ ጠርዝ ክብ ስለሆነ ላሜራን ሳይሰነጥቅ ቀስ ብሎ ለማጎበጥ ይመቻል። ገልብጠው ሲያስቀምጡት ከታች ያለው ሰፊ እግሩ ጠርዙ ሹል ነው፤ የስፌቱ የመጀመሪያ እጥፋት የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ሠራተኛው ሥራውን ሲቀይር ሐዲዱን በእግሩ ገፋ አድርጎ ያዞረዋል እንጂ አይነሳም። መዶሻው፣ የላሜራ መቀሱ፣ ፒንሳው፣ መብሻው፣ ሞረዱ ሁሉ ክንዱ በሚደርስበት ዙሪያ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ እጁን ሲዘረጋ የሚፈልገውን ያገኛል። ረዳቱ መብሻውን መዶሻው ቦታ ቢያስቀምጥ ወዲያው ይሰማል፤ ቁጣ ሳይሆን አጭር «አቦ!»።

በርሜሉ እንዴት እንደሚከፈት ማየት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ከዚህ በፊት ነዳጅ ይሁን ዘይት ይሁን ሌላ ነገር የያዘ ሊሆን ይችላል። ባዶ ነው የሚባል የነዳጅ በርሜል ውስጥ የቀረ ትነት አለ፤ በእሳት ወይም በብየዳ የሚቆርጠው ሰው ሊፈነዳበት ይችላል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ሁለቱንም ቡሾች ከፍቶ ፀሐይ ላይ ያውለዋል፣ ያጥበዋል፣ ከዚያም በመሮና በመዶሻ በቀዝቃዛው ይቆርጠዋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ጆሮም ያደነቁራል። ስለ አደጋ ቅነሳ የተጻፈ መመሪያ አላነበበም፤ የሚሠራው ግን መመሪያው የሚለውን ነው።

የተከፈተው በርሜል ሲዘረጋ አንድ ሜትር ከሰማንያ ገደማ በሰማንያ ስምንት ሴንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ ይሰጣል። ትርፍና ኪሳራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የምድጃው አካል ሁለት በወገባቸው የተገናኙ ሾጣጣዎች ነው፤ የላይኛው ከሰሉን፣ የታችኛው አመዱን ይይዛል። ሾጣጣ ነገር ሲዘረጋ ቀጥ ያለ ቁራጭ ሳይሆን የቀስት ቅርጽ ያለው ቁራጭ ይሆናል። ቀስቶችን ላሜራ ላይ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ እየጣለ የሚቆርጥ ሰው በመሀላቸው ያለውን ሁሉ ይጥላል። የተካነው የአንዱን ሆድ በሌላው ጀርባ ላይ እያስተኛ ይደረድራቸዋል፤ በመካከላቸው የሚቀረው ስስ ክፋይ ብቻ ነው። ጥጉ ላይ የሚተርፈውን ባለ ሦስት ማዕዘን ለድስት ማስቀመጫ፣ ረዥሙን ቁራጭ ለእጀታ፣ ከዚያ ያነሰውን ለአመድ በሩ ማጠፊያ ያደርገዋል። ከሥሩ የሚጠረገው ቁርጥራጭ በእፍኝ የሚታፈስ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ በርሜል በግዴለሽ አቆራረጥ አሥር ምድጃ ቢያወጣና በጥሩ አደራደር አሥራ አንድ ቢያወጣ፣ አሥራ አንደኛው የላሜራ ዋጋ የለበትም። የገበያ ፉክክር በአሥሩ ላይ ያለውን ትርፍ ስለሚበላው ሠራተኛው ቤቱ ይዞ የሚገባው አሥራ አንደኛውን ነው ማለት ይቻላል።

ቅርጹን የሚያነሳበት ፎርማ ከወፍራም ላሜራ የተቆረጠ፣ በብዙ እጅ የጠቆረ ነገር ነው። አንድ ፎርማ ለቡና ምድጃ፣ አንዱ ለመካከለኛው፣ አንዱ ለሻይ ቤት። ጠርዙ ላይ በሞረድ የተሰሩ ትንንሽ ጭረቶች አሉ። ለማያውቅ ሰው የዕድሜ ምልክት ይመስላሉ፤ ዋናው ዕውቀት ያለው ግን እነሱ ውስጥ ነው። የስፌቱ መጠን ናቸው። የተቆላለፈ ስፌት የወርዱን ሦስት እጥፍ ላሜራ ይበላል። ስፌቱ ስምንት ሚሊ እንዲሆን የፈለገ ሰው ሃያ አራት ሚሊ ትርፍ መተው አለበት። ያንን የረሳ ሰው የምድጃው ዙሪያ በሃያ አራት ሚሊ ያንስበታል፤ ስፋቱ ደግሞ ወደ ስምንት ሚሊ ይጠባል። ስምንት ሚሊ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ውስጡ የሚገባው የሸክላ ገበታ አልገባም ሲል ያየዋል።

ሸክላው ወደ ቀፊራ የመጣው ሩቅ ዞሮ ነው። በታይላንድ ባልዲ ምድጃ አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ የብረት ቀፎና የሸክላ ልባስ ያለው ጂኮ የተባለ ምድጃ ተሠራ። ያ ሐሳብ ወደ እኛ ሲመጣ ላቀች የተባለው ምድጃ ተወለደ፤ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በመንግሥት የኢነርጂ ባለሙያዎች ተሠርቶ ለሸክላ ሠሪዎችና ለብረት ሠራተኞች ተሰራጨ። ከተራው የብረት ምድጃ ጋር ሲወዳደር የከሰል ፍጆታን እስከ ሩብ ይቀንሳል ተብሎ ነው የተዋወቀው። ሸክላው ሙቀቱን ይይዛል፣ ብረቱንም ከቀጥተኛው ፍም ይጠብቀዋል። አሮጌ የጣሪያ ቆርቆሮ ለምድጃ የማይመከረውም ለዚሁ ነው። ቆርቆሮውን የሸፈነው ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል፤ ፍም ደግሞ ከዚያ በላይ ይግላል። ልባሱ ሲሄድ ቆርቆሮው ይበላል። ጠንቃቃው ሠራተኛ የጣሪያ ቆርቆሮን ከተጠቀመ ለታችኛው የአመድ ክፍል ብቻ ነው።

የዚህ ሥራ ትልቁ ሥጋት ያለውም ሸክላው ላይ ነው። ብረቱን የሚሠራው አንድ ሰው፣ ሸክላውን የምትሠራው ሌላ ሴት፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ቦታ ናት። ሸክላ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲተኮስም ይኮማተራል። መጠኑ እንደ አፈሩ፣ እንደ ውሃው፣ እንደ እሳቱ ይለያያል። ዛሬ ከአንድ ጭነት የመጣው ገበታ ከባለፈው ሊጠብ ወይም ሊሰፋ ይችላል። ምድጃ ሠሪው ይህን የሚቆጣጠርበት መሣሪያ ሁለት የሽቦ ቀለበት ነው። ትልቁ ቀለበት ገበታውን ማሳለፍ አለበት፣ ትንሹ ማሳለፍ የለበትም። በትልቁ የማያልፈው ሰፍቷል፤ በትንሹ የሚያልፈው ጠቧል። ሁለቱም ወደ ጎን ይቀመጣሉ። ከዚያ የቀሩትን እያነሳ በጣቱ መገጣጠሚያ ያንኳኳቸዋል፤ የነቃው ድምፁ ይሻክራል። በትልልቅ የማሽን ፋብሪካዎች በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚሠሩት «ያልፋል፣ አያልፍም» የሚባሉ መለኪያዎች ሐሳባቸው ከዚህ ሽቦ አይለይም።

በገበታውና በብረቱ መካከል የሚቀረውን ክፍተት አመድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይሞላዋል። አጥብቆ አይሞላውም። ብረት በሙቀት ከሸክላ ይበልጥ ስለሚሰፋ በመካከላቸው ለመላወስ ቦታ ያስፈልጋል፤ ቀፎው ሲበርድ ሸክላውን ጨምቆ እንዳይሰነጥቀው። ክፍተቱን ሳየው የሚደንቀኝ ሠራተኛው ምን ያህል ማጥበቅ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ማላላት እንዳለበትም ማወቁ ነው። ማጥበቅ ሁሉም ይችላል።

ስለ አመራረት የሚጽፉ ሰዎች በዚህ ቦታ የጃፓኑን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ካይዘንን ማንሳታቸው አይቀርም፤ እኔም ላንሳው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ እገዛ በሠላሳ ድርጅቶች ላይ ሙከራው ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። «አምስቱ ማዎች» የሚባሉት፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ ከዚያ ወዲህ በየፋብሪካው ግድግዳ ተሰቅለዋል። መሣሪያ በቅርጹ የተሳለበት ሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ ማየት ያምራል። ምድጃ ሠሪው ግን ግድግዳ የለውም፤ ሰሌዳውን ክንዱ በሚደርስበት መሬት ላይ ዘርግቶታል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ማዎች ማንም ሳያስተምረው ይሠራቸዋል፤ ካልሠራቸው ጣቱን ይቆርጣል።

አንድ ነገር ላይ ግን የካይዘን አሠልጣኝና የቀፊራ ሠራተኛ የሚጣሉ ይመስላል። ሠራተኛው በአንድ ጠዋት የብዙ ምድጃ ቀስቶችን ቆርጦ ያከማቻል። አሠልጣኙ ይህን ሲያይ በግማሽ የቆመ ዕቃ ማለት የተኛ ገንዘብ ነው ይላል፤ የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ከዘረዘራቸው ሰባት ብክነቶች አንዱ ነውና። እውነት አለው። ግን ቀስቶቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ጠፍጣፋ ናቸው፤ ተደራርበው የአንድ ትሪ ቦታ ይይዛሉ። ምድጃ ቦታ የሚበላው ከተጠቀለለ በኋላ ነው። የተጠቀለለ ምድጃ ምድጃ ሆኖ ይቀራል፤ ያልታጠፈ ቀስት ግን ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሻይ ቤት ትልቅ ቢያዝ ለትልቁ ከተቆረጠው ይጠቀለላል፤ የሠርግ ወር ደርሶ ማጨሻ ቢፈለግ ከትልቁ ቀስት ትንሹን ማውጣት ይቻላል። ማጠፉን ትዕዛዝ እስኪመጣ ያዘገየዋል። ይህ ስንፍና ሳይሆን ሥጋትን በርካሽ የመያዝ ብልሃት ነው። ኦኖ ራሱ ቦታና ገንዘብ ባጠረባት የጦርነት ማግስት ጃፓን የሠራ ሰው ስለነበር፣ ቀፊራ ቢመጣ ይህን ክምር ለማፍረስ የሚቸኩል አይመስለኝም።

ሰዓቱም ተደልድሏል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ከባዱ ሥራ፣ በርሜል መክፈትና ላሜራ መቁረጥ፣ በጠዋት ያልቃል። ጠርዙ የጋለ ላሜራ ቀትር ላይ በባዶ እጅ አይያዝም። ከሰዓት በኋላ፣ ጥላው ሲዞርና ጫቱ ሲመጣ፣ ተቀምጦ የሚሠራው ይቀራል፤ መብሳት፣ ማጠፍ፣ እጀታ ማሰር። ወሬ እየሰማ የሚሠራው ትክክለኛነቱ የማይጓደልበትን ሥራ መርጦ ነው። የስፌቱን የመጨረሻ ምት በወሬ መሀል የሚመታ ሠራተኛ አላየሁም፤ ያን ጊዜ ዝም ይላል።

ጎርፉንም መርሳት አይቻልም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በላ፤ ወንዙ ዳር ያሉ ሰፈሮች ታጠቡ። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ሰው ያጣውን ሕይወት ከንብረት ጋር አንድ ላይ መቁጠር ነውር ነው፤ ቢሆንም የዕለት ሠራተኛ መሣሪያውን ሲያጣ ምን እንደሚሆን ማሰብ አለብን። ኢንሹራንስ የለም። ኢንሹራንሱ ዕቁቡ ነው፣ ብልሃቱም ውድና ቀላል የሆነውን ነገር ማታ ይዞ መግባት ነው። ሐዲዱ እዚያው ያድራል፤ ጎርፍም ሌባም በቀላሉ አያነሳውም። ፎርማዎቹ፣ መቀሱና መብሻዎቹ ግን በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ቤት ይገባሉ። ለስሙ ከረጢት ነው እንጂ ድርጅቱ ማለት እሱ ነው።

እስካሁን አመሰገንኩ። አሁን የማልወደውን ልናገር። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ወረቀት ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ሁለት ሚሊ የሚያሳስበው ሰው ባለፈው ወር ስንት በርሜል በስንት ብር እንደገዛ ቢጠየቅ በግምት ነው የሚመልሰው። ምድጃውን የሚተምነው የላሜራውን፣ የሸክላውንና የመጓጓዣውን ደምሮ «ትንሽ» ጨምሮበት ነው፤ ያቺ ትንሽ የራሱ ጉልበት፣ የረዳቱ ቀለብ፣ የመቀሱ መድከም፣ የተጣለው ነቅ ገበታ ሁሉ ናት። የላሜራ ዋጋ ሲጨምር እሱ የሚሰማው በርሜሉን ሊገዛ ሲሄድ ነው፤ ትላንት የሸጠው ምድጃ ዛሬ መልሶ የማይገዛውን ላሜራ ይዞ ሄዷል። አሥራ አንደኛው ምድጃ በአቆራረጥ የተገኘውን ያህል በሒሳብ እጦት ይፈሳል።

ሁለተኛው ደግሞ ጣቱና ጆሮው ነው። ጓንት ላሜራውን እንዳልሰማ ያደርገኛል የሚለው እውነት አለው፤ ስፌት ሲሠራ ጓንት አይመችም። በርሜል ሲቆረጥ ግን ይመቻል፤ የጆሮ መድፈኛም እንደዚያው። ይህን አለማድረግን ጀግንነት ያደረገው ልማድ ነው፣ ልማዱም መጥፎ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የመንግሥት ስትራቴጂ መሠረት እስከ አምስት ሰውና በኢንዱስትሪው ዘርፍ እስከ አንድ መቶ ሺህ ብር ካፒታል ያለው ጥቃቅን፣ ከስድስት እስከ ሠላሳ ሰው ያለው ደግሞ አነስተኛ ተብሎ ተመድቦ ነበር። አብዛኛው ምድጃ ሠሪ ከመጀመሪያው መደብ አያልፍም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ባለሙያና አንድ ልጅ ነው። ልጁ ማጠፍ ሲጀምር ባጃጅ ይወስደዋል። ባጃጅ ላይ በዕለቱ ገንዘብ ያያል፤ ስፌት ላይ እጁ እስኪያምር ዓመታት ይቀመጣል። የፎርማው ጭረቶች ምን ማለት እንደሆኑ የሚያውቅ ሌላ ሰው በሌለበት፣ አንድ ሕመም ድርጅቱን ይዘጋዋል። ማዝለቅ የምትባለው አምስተኛዋ ማ ግድግዳ ላይ ብትሰቀልም ባትሰቀልም የምትጎድለው እዚህ ጋ ነው።

ለዚህ ተጠያቂው ሠራተኛው ብቻ አይደለም። አንዲት እናት መካከለኛውን ምድጃ አንስተው ዋጋ ሲሰሙ፣ «ኧረ አቦ፣ የበርሜል ቁራጭ እኮ ነው!» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሠራተኛው አልተቆጣም። «እናቴ፣ ቁራጩ ርካሽ ነው፤ ለእሱ ያልኩሽን አትቁጠሪው። ለስፌቱ ስንት ትይኛለሽ?» አላቸው። ሳቁ፣ ከፈሉም፤ ግን ካለው ቀንሰው። ከላይ ያልኩት ንቀት ይኸው ነው፤ ስድቡ ቀርቶ ዕቃው የሚተመነው በብረቱ እንጂ በእጁ አለመሆኑ። ከውጭ የገባ፣ ስፌቱ በማሽን የተጨፈለቀ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የተለጠፈበትን ዋጋ ሳንከራከር እንከፍላለን። ማሽኑም የሠራው ያንኑ እጥፋት መሆኑን ልብ አንለውም።

ስለዚህ ለአነስተኛ አምራቾች ሥልጠና ለሚያዘጋጁ ሰዎች አንድ ነገር ልለምን። ምድጃ ሠሪውን ስለ ጥራትና ስለ ብክነት ልታስተምሩት አዳራሽ አትጥሩት፤ እሱን ያውቀዋል፣ ለጠፋው ቀንም የሚከፍለው የለም። የጎደለው አንድ የመግዣና የመሸጫ ደብተር፣ ዋጋ የማውጣት ስሌት፣ ሸክላ ሠሪዋና ብረት ሠሪው የሚስማሙበት አንድ ቋሚ ልክ፣ ለሚማረው ልጅ ደግሞ እጁ እስኪፈታ የሚያቆየው ትንሽ አበል ነው። እነዚህን ይዛችሁ ወደ ቀፊራ ኑ፤ ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት ላሜራ ይቆረጣል።